ጳጉሜን የማያውቀው ኮምፒውተር

የኔታን ያወቅኋቸው ከማተባቸው ጎን ባንጠለጠሏት ፍላሽ ነው። ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ወደ ቀሐ በሚያወርደው መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ የታመመ ኮምፒውተር ከመጣም ሆዱን ከፍቼ አያለሁ። አንድ ጠዋት ጥምጥማቸውን ያሳመሩ ሽማግሌ ገቡና ከጋቢያቸው ሥር ክር ሳቡ። ፍላሿ ወጣች።

«ይኼን በወረቀት አውጭልኝ፣ ልጄ።»

ሰክቼ ከፈትኩት። ስክሪኑ ላይ የመጣው አማርኛም ግእዝም አይደለም፤ የፈረንጅ ፊደል ከቁጥርና ከጥያቄ ምልክት ጋር የተቦካ ነገር ነው።

«የኔታ፣ ይኼ ተበላሽቷል።»

«አልተበላሸም» አሉ፣ ሳይቆጡ። «ያንቺ ማሽን ማንበብ አልተማረም።»

እውነታቸውን ነበር። የጻፉበት የግእዝ መጻፊያ ፕሮግራም የቆየ ነው፤ የሚነሳውም በድሮው ዊንዶው ላይ ብቻ ነው። ከፊደሉ በላይ ደግሞ አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው የዜማ ምልክቶችን ሠርቶ ጨምሮላቸዋል። ዜማ የሚማር ሰው እነዚያን ምልክቶች ያውቃቸዋል፤ ከቃሉ ራስ ላይ በደቃቁ የሚቀመጡ፣ ድምፁ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ፣ የት እንደሚቆረጥ የሚናገሩ ናቸው። በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ፊደሉ ሌላ ይሆናል፤ ምልክቱ ደግሞ ጭራሹን ይጠፋል። ያን ጊዜ ከጥግ ያስቀመጥኳት አሮጌ ኮምፒውተር ስለነበረችኝ ፕሮግራሙን እሷ ላይ ጭኜ አተምኩላቸው። ሳትም ከዚያው ፕሮግራም ያስቀመጥኩት አንድ ቅጂም እኔ ዘንድ ቀረ። አሮጌዋ በኋላ ስትሞትብኝ ቅጂውን ወደ አዲሱ ኮምፒውተሬ አዛወርኩት፤ ማንበብ ባልችልም ፋይሉ እንዳለ አለ።

ከዚያ ወዲህ የኔታ ወዳጄ ሆኑ። ከከተማው በስተደቡብ ፀዳ ነው ቤታቸው፤ በአንድ ደብር ዜማ ያስተምራሉ። በልጅነታቸው ወገራ ደጋ ላይ ከአንድ መምህር ሥር ተቀምጠው ዓመታት ተምረዋል። መምህሩ አርፈዋል፤ አብረዋቸው የተማሩትም አንድ አንድ እያሉ ሄደዋል። መምህሩ ያዜሙበት የነበረው መንገድ በሙሉ የቀረው በየኔታ ራስ ውስጥ ነው። እሱን ከነምልክቱ እየጻፉ ነበር፣ በሁለት ጣት፣ ቀስ እያሉ።

«ዓይኔ እየደከመ ነው» አሉኝ አንድ ቀን፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ። «ሐኪሙ ግላኮማ ይለዋል። የጠፋው አይመለስም አለኝ። ሳይዘጋብኝ ሁሉንም በወረቀት አይቼ፣ በቀይ ብዕር አርሜ፣ ለደብሩ ላስረክብ። ሌላ ልመና የለኝም።»

ስለ ራሴም ትንሽ ልበል። እኔ ኮምፒውተር ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ታይፒስት ሆኜ የተቀጠርኩበት ቤት ማሽኑ በተበላሸ ቁጥር ጠጋኝ ከአዘዞ እስኪመጣ ሁለት ቀን እንቀመጥ ነበር። ሲመጣ ከትከሻው ኋላ ቆሜ ማየት ለመድኩ። የሚጫነውን ቁልፍ በተርታ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ እንግሊዝኛው ባይገባኝም ቅርጹን እገለብጣለሁ። ጠጋኙ ያየኛል፣ ይስቃል፣ አያባርረኝም። አንድ ቀን «ዛሬ አንቺ ጫኝው» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ዛሬም የምበላው እንጀራ ከዚያ ወንበር ላይ የተነሳ ነው። ብዙ ሰው እውቀቱን በእጁ ይሸፍናል፤ እሱ አልሸፈነብኝም።

ወደ የኔታ ኮምፒውተር ልመለስ። ቤታቸው መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ያሳቀኝ ሰዓቱ ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ቀን ከእኔ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ነው፤ ወሩም ሌላ ነው።

«የኔታ፣ ይኼ ሰዓት ተሳስቷል፤ ላስተካክለው?»

«እንዳትነኪው። በእኛ አቆጣጠር ያደረግሁት እኔ ነኝ። በገዛ ቤቴ በፈረንጅ ዘመን ልኑር?»

«ወሩስ እንዴት ይሆናል?»

«መስከረምን አንድ ብየ ሰጠሁት። ጥቅምት ላይ ያስቸግራል፤ ሃያ ስምንት ሲሞላ ጨርሻለሁ ይላል፣ ሰነፍ ነው። ሁለት ቀን ሳላበራው እቆይና ኅዳር ሲገባ አስተካክየው እቀጥላለሁ።»

«ጳጉሜንስ?»

«ጳጉሜንን አያውቃትም» አሉ፣ እያዘኑለት። «አምስቱን ቀን ዘግቼው እጸልያለሁ።»

እየሳቅሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ይኼን መሳቄን አስታውሱልኝ።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ገባ። የየኔታ ባለቤት፣ እኔ እማማ የምላቸው፣ ስልክ ደወሉ። ድምፃቸው አልጠራም።

«ልጄ፣ ያ ማሽን ሞተብን። እኔ ነኝ የገደልሁት።»

ስደርስ ግቢው ውስጥ ቆመው ጠበቁኝ። የነፍስ አባታቸው በዓመት አንዴ እየመጡ ቤቱን ጠበል ይረጫሉ፤ ያን ጠዋትም መጥተው ነበር። ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ነጠላ ይለብሳል።

«ሁሉን ጥግ ሲረጩ እሱ ተሸፍኖ አየሁት» አሉ እማማ። «ሰሞኑን ያቃስት ነበር። ምነው እሱ ብቻ ይቅርበት ብየ ገለጥሁለት። አባም ሳይሰስቱ ደህና አርገው ረጩት። ከዚያማ ጠሽ አለ፣ ሸተተ።»

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። «ቀድሞ ጋኔን አልነበረበትም» አሉ። «አሁን ግን ነፍስም የለበትም።»

እማማ አልሳቁም። እኔ ግን ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ከፈትኩት። ዋናው ሰሌዳ ተቃጥሏል። ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ፣ ፍላሿንም ከየኔታ ተቀብዬ፣ ሱቄ ወስጄ በማገናኛ ገመድ ሰካሁት። ተነሳ፤ ግን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ነው። ይህን ድምፅ የሚያውቅ ሰው አይዘገይም። የኔታ የጻፉበትን ፎልደር በሙሉ ወደዚያች የአንገታቸው ፍላሽ ገለበጥኩ። የመጨረሻው ፋይል ካለፈ ጥቂት ቆይቶ ዲስኩ ዝም አለ፤ ደግሞም አልተነሳ። ተመስገን ብዬ ወደ ላይ አየሁ። ለጥንቃቄ ደግሞ ከፍላሿ ወደ ሱቄ ኮምፒውተር፣ ያ የቀድሞ ቅጂ ወዳለበት ቦታ ገለበጥኩት። ማሽኑ ጠየቀኝ፤ እዚህ ቦታ በዚሁ ስም የተቀመጠ አዲስ ፋይል አለ፣ በአሮጌው ልተካው? አይ አልኩት። ማነው አዲሱን በአሮጌ የሚተካ? ደንበኛ ቆሞ ስለሚጠብቀኝ ሁለት ጊዜ አላሰብኩም።

በሳምንቱ የእኅታቸው ልጅ ከባሕር ዳር አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ላከላቸው። ሸጋ ማሽን ነው። ግን አዲሱ ዊንዶው ነው ያለበት፤ የየኔታ ፕሮግራም በእሱ ላይ ብልጭ ይልና ይዘጋል። ስለዚህ የድሮውን ዊንዶው መጫን ነበረብኝ። ሲዲውን አስገባሁ። ሰማያዊው ገጽ መጣ፣ ፋይሎቹን ጫነ፣ ጫነ፣ ከዚያ በዚህ ማሽን ላይ ሃርድ ዲስክ አላገኘሁም ብሎ ቆመ።

ዲስኩ እፊቱ ነው። አላወቀውም እንጂ። የድሮው ዊንዶው ሲሠራ እንዲህ ያለ ዲስክ ገና አልተለመደም ነበር፤ ስለዚህ እንዴት እንደሚያናግረው አያውቅም። እንዲያውቀው ድራይቨር የሚባለውን፣ ያንን ዕቃ ለማናገር የሚያስተምረውን ትንሽ ፋይል ማግኘት አለበት። በድሮው ሥርዓት ይህ በፍሎፒ ይሰጥ ነበር፤ ይኼ ማሽን ፍሎፒ የሚገባበት አፍ የለውም። አንዳንድ ማሽን ዲስኩን በድሮ መልክ አሳየው ሲሉት እሺ ይላል፤ የዚህን መነሻ ገጽ አገላብጬ አየሁት፣ ያ ምርጫ የለውም።

አዘዞ ላለው ጠጋኝ ደወልኩ።

«በአዲስ ማሽን ላይ የድሮ ዊንዶው?» አለኝ። «ለሞተ ሰው ኮት እየለካሽ ነው።»

«ለመርጌታ ነው።»

ቀልዱን ተወ። «ለመርጌታ ከሆነ መጫኛውን ራሱን ክፈችው። ድራይቨሩን ከውስጥ አስገብተሽ እንደገና ዝጊው። እኔ ሠርቼው አላውቅም፤ ሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ።»

እንዲህ ነው የጀመርኩት። ለካ መጫኛው እንደ ቦርሳ ነው፤ ይከፈታል፣ ከውስጡ የማይፈለግ ይወጣል፣ የጎደለው ይገባል፣ ይዘጋል። ኢንተርኔት ላይ አንድ የማላውቀው ሰው፣ የየት አገር እንደሆነም የማላውቀው፣ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእንግሊዝኛ ጽፎት አገኘሁ። አተምኩትና በመዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ቃል እየፈለግሁ ከመስመሩ በላይ አማርኛውን በእርሳስ ጻፍኩ። ስጨርስ ወረቀቱ ራሱ የዜማ መጽሐፍ መሰለ።

መጀመሪያ ጓዙን አቀለልኩት። የማይጠቅማቸውን ሁሉ አወጣሁ፤ የፊልም ማጫወቻውን፣ የውጭ አገር ቋንቋዎቹን፣ ጨዋታዎቹን። ይህን ለየኔታ እያስረዳሁ ሳለ እማማ ከጓዳ ወጥተው በጆሮዬ፣

«ካርታውን ግን አታውጭብኝ» አሉ።

«የቱን ካርታ?»

«የሚደረደረውን። እሳቸው ማኅሌት ሲሄዱ እኔ ምን ልሁን?»

ካርታው ቀረ። በምትኩ የየኔታን የግእዝ ፕሮግራም፣ ፊደሉንና ምልክቶቹን ከመጫኛው ውስጥ ከተትኩ፤ ተጭኖ ሲያልቅ ፊደላቸውን ይዞ እንዲነሳ። የድምፁን፣ የስክሪኑን፣ የኔትወርኩን ድራይቨር ሰበሰብኩ። የዲስኩንም ከማሽኑ መለያ ቁጥር ጋር እያመሳከርኩ ፈልጌ ከእነሱ ጋር አሰለፍኩት። ሁሉንም ሲዲ ላይ ጻፍኩት፤ በእኛ ሥራ ማቃጠል ይባላል። ሃርድ ዲስክ አላገኘሁም አለ። ሌላ የድራይቨር ዓይነት አስገባሁ፣ አቃጠልኩ። አላገኘሁም። ስንት ሲዲ እንዳበላሸሁ እማማ ናቸው የሚያውቁት፤ ሁሉንም በክር አስረው በቆሎው መሐል ለወፍ መከላከያ ሰቀሏቸው። ከአስፋልቱ ሲታይ ግቢው ያብለጨልጫል።

«ምነው፣ ዛሬም ለወፉ ነው ያመጣሽለት?» ይሉኛል ስገባ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተስፋ ቆርጬ በረንዳው ላይ ከየኔታ ጎን ተቀመጥኩ። ሳይቸኩሉ ጠየቁኝ።

«ድራይቨር የምትይው ስንት ነው?»

«አራት አስገብቻለሁ። ለድምፅ፣ ለስክሪን፣ ለኔትወርክ፣ ለዲስክ።»

«ድምፁን መቼ ይፈልገዋል?»

«ከተነሳ በኋላ።»

«ስክሪኑንስ?»

«እሱንም ከተነሳ በኋላ።»

«ዲስኩንስ?»

ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። «ዲስኩን ካላየ መነሳቱም የለም።»

«ታዲያ ከነሱ ጋር ምን ያሰልፈዋል? እኛ ዘንድ ውዳሴ ማርያምን በቃሉ ያልያዘ ዜማ ጀምር አይባልም። ከማናቸውም በፊት የሚያዝ አለ።»

ሱቄ ተመልሼ የዚያን የማላውቀውን ሰው ወረቀት እንደ አዲስ አነበብኩ። ጽፎት ኖሯል። የዲስክ ድራይቨር በሌላ በር፣ መጫኛው ገና ዓይኑን ሳይገልጥ በሚያነበው ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት ይላል። ከአንዷ ቃል በላይ አማርኛውን ሳልጽፍ ዘልያት ነበር፤ ያቺ ናት።

አስተካክዬ ሠራሁት። ግን ሲዲውን ፀዳ ይዤ ስሄድ የየኔታ ማሽን ሲዲ ማንበቢያ በቃኝ አለ፤ በእኔ ሲዲዎች ተሰላችቶ ነው መሰለኝ። በፍላሽ መጫን ነበረብኝ። ሱቅ ውስጥ ሌላ ደህና ፍላሽ አልነበረም፤ የየኔታ ፍላሽ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ውስጧ ያለው ሁሉ ሱቄ ኮምፒውተር ላይ ተገልብጧል ብዬ ፎርማት አድርጌ ባዶ አደረግኋት፤ መጫኛውን ጫንኩባት።

በማግስቱ ፀዳ ሄጄ ሰካኋት። ሰማያዊው ገጽ መጣ። ፋይሎቹን ጫነ፣ ጫነ። ከዚያ ዲስኩን በስሙ ጠራው፤ መጠኑን ጻፈ፤ የት ልጫን አለኝ። እማማን እጃቸውን ይዤ ዘለልኩ፤ ለምን እንደምንዘል ሳያውቁ አብረውኝ ዘለሉ። ሲጨርስ ማሽኑ የየኔታን ፊደል ይዞ ተነሳ። የጽሑፉን ቅጂ በስልኬ ሜሞሪ ካርድ ይዤ ሄጄ ስለነበር አስገባሁት፤ ምልክቶቹ አንድ በአንድ በየቃሉ ራስ ላይ ተቀምጠው ታዩ።

የኔታ ፊታቸውን እስክሪኑ ድረስ አስጠግተው አነበቡ። በከንፈራቸው ያዜማሉ። ረጅም ጊዜ አነበቡ።

«ገጹን ወደ ታች አውርጅው፣ ልጄ።»

«አልቋል፣ የኔታ።»

«አላለቀም። የክረምቱ አለ። ለደብሩ ንግሥ የሚሆነው፣ መምህሬ ለብቻው ያስተማሩኝ።»

«የለም፣ እዚህ ነው የሚያበቃው።»

«ሠላሳ ገጽ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ጻፍሁት።»

ያኔ ነው የገባኝ። ሱቄ ውስጥ የነበረው ቅጂ ከክረምቱ በፊት የተጻፈ ነው፤ ግን የተቀመጠው በእኔ ማሽን ሰዓት ነው። የኔታ በክረምቱ የጻፉት በእሳቸው ሰዓት፣ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ባለው ዘመን ነው የተቀመጠው። ማሽኑ ልተካው ብሎ ሲጠይቀኝ የቱ አዲስ የቱ አሮጌ እንደሆነ በቀኑ ፈረደ፤ እኔም አመንኩት። የመጨረሻውን አሮጌ ብዬ ትቼ የቀድሞውን አስቀረሁ። የክረምቱ የነበረው በፍላሿ ላይ ብቻ ነበር። ፍላሿን ደግሞ ፎርማት አድርጌ ዊንዶው ጭኜባታለሁ። ስለዚያ ሰዓት እየሳቅሁ ከዚህ ቤት የወጣሁት እኔው ነኝ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። እማማ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የኔታ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ስለዚህ በእኔ ዘመን የተጻፈው አሮጌ ተባለ» አሉ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«ጥፋቱ የኔም ነው። የቤቴን ሰዓት አልነገርሁሽም።»

«ነግረውኛል። ጳጉሜንን ጭምር።»

«ነግሬሻለሁ?» አሰቡ። «እንግዲያ ያንቺ ነው።»

እማማ፣ «እንግዲህ እኔም ብቻየን አይደለሁም» አሉ ቀስ ብለው። በዚያ ሁሉ ሐዘን መሐል ሦስታችንም ሳቅን።

ፍላሿን በማገገሚያ ፕሮግራም ፈተሽኩ፤ የተገኘው የተቆራረጠ ትርፍራፊ ነው። ያን የሞተውን የድሮ ዲስክ ጠጋኙ ዘንድ አዘዞ ወሰድኩት፤ ጆሮው አጠገብ ነቅንቆ መለሰልኝ። ያን የሞተ ሰው ኮት ቀልዱን አልደገመም። ስለዚህም አመሰግነዋለሁ።

ወደ የኔታ መመለስ ፈራሁ። በሦስተኛው ቀን እሳቸው ደወሉ።

«ምነው ቀረሽ? የጠፋው የተጻፈው ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ነይ።»

በረንዳው ላይ ማሽኑን በረጅም ገመድ አወጣነው። የኔታ በመቋሚያቸው ወለሉን እየመቱ ያዜማሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ቃሉን ብቻ። ከዚያ ያንኑ መስመር ደግመው ያዜሙና ምልክቱን በስሙ ይጠሩልኛል፤ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ። በአንድ ጣቴ ነበር የምፈልጋቸው፤ ቀስ በቀስ እጄ ለመዳቸው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ሳይጠሩት ድፋቱን ቀድሜ አስቀመጥኩ። ቆም አሉ።

«ማን ነገረሽ?»

«ድምፅዎ ሲወርድ ሰማሁት።»

«ማኅሌት አትቆሚም እንጂ ጆሮሽስ ቆሟል» አሉ። በሕይወቴ ከተሰጠኝ ሰርተፍኬት ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ ሌላ ሰርተፍኬት ስለሌለኝም ይሆናል።

መብራት ሲጠፋ እንቀመጣለን። እማማ ቆሎ ያቀርባሉ። የኔታ ስለ መምህራቸው ያወሩኛል፤ ተማሪ ሲሳሳት ዝም ብለው ሌላ አቅጣጫ ያዩ ነበር አሉ፤ ተማሪው ስሕተቱን ራሱ እስኪያገኝ አይመለሱም። አንዳንዴ ጸሐይዋ ዞር ስትል ልብሴን ያዩና «ዛሬ ሰማያዊ ነው?» ይሉኛል። አረንጓዴ ይሆናል። በልቤ ገጽ እቆጥራለሁ። ዓይናቸው ሳይዘጋ መድረስ አለብን።

ወደ መጨረሻው ስንቃረብ አንድ መስመር ላይ ቆሙ። አዜሙት። ደግመው በሌላ መንገድ አዜሙት። መቋሚያውን ወለሉ ላይ አስተኙት።

«የቱ ነው፣ የኔታ?»

«ክረምት ላይ ስጽፈው አውቀው ነበር። አሁን ሁለቱም ይመጡብኛል።»

«የሚመስልዎትን እናስቀምጥ። ማንም አያውቅ።»

ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። አልተቆጡኝም፤ ሌላ አቅጣጫ አዩ፣ ወደ በቆሎው፣ ሲዲዎቹ ወደሚያብለጨልጩበት። እኔም ስሕተቴን አገኘሁት።

«ቃሉን ብቻ ጽፌ ምልክቱን ልተወው?»

«ተይው» አሉ። «የማላውቀውን መምህሬ አሉ አልልም። ባዶ ይሁን።»

በዚያው ሳምንት ጨረስን። ሱቄ ውስጥ ሁሉንም አተምኩ፤ አንድ እቅፍ ሙሉ ወረቀት ሆነ። ይዤላቸው ስሄድ ቀይ ብዕራቸውን አዘጋጅተው ጠበቁኝ። በረንዳው ላይ ብርሃኑ በሚበረታበት ሰዓት፣ ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ እያስጠጉ፣ ቀን በቀን አነበቡት። አረሙ። የእኔ ስሕተት ከጠበቅሁት ያንስ ነበር፤ አንዳንዱ የእሳቸው የቀድሞ ስሕተት ነው፣ «ይኼን ዝም ብለሽ ያለፍሽልኝ ለምንድን ነው?» ይሉኛል። ባዶው መስመር ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉና ሳይጽፉ አለፉ። የመጨረሻውን ገጽ ባረሙበት ቀን ብዕሩን ዘግተው ለእማማ ሰጡ። «አየሁት» አሉ። ሌላ አላሉም። እርማቱን አስገብቼ አተምኩላቸው፤ እሳቸውም በንግሡ ዕለት ለደብሩ አስረከቡ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። የኔታ አሁን ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊደል አያዩም። ማሽኑ እስከ ዛሬ ይሠራል። ያቺን መጫኛ በሦስት ቦታ አስቀምጫታለሁ፤ አንዷ እንደ ቀድሞው የየኔታ አንገት ላይ ናት። መጫኛውን ደግሞ አንድ ጊዜ ከፍቼ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጨምሬበታለሁ፤ ከሥር የማሽኑ ሰዓት በፈረንጅ ይቆጥራል፣ ፋይሎቹም በእሱ ይቀመጣሉ፣ ከላይ ጥግ ላይ ግን የእኛን ቀን ያሳያል። አሥራ ሦስቱንም ወር።

ባለፈው ጳጉሜን ሄጄ ነበር። ዝናብ እየጣለ ነው። ስገባ እማማ ኮምፒውተሩን ከመስኮቱ እየጎተቱ በላስቲክ ይጠቀልሉታል።

«ምነው እማማ?»

«ሩፋኤል ነው እኮ። ዛሬ የሚዘንበው ሁሉ ጠበል ነው። አንዴ አይቻለሁ፣ ይበቃኛል።»

የኔታ ደጃፉ ላይ ቆመው ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አቅንተዋል። ውሃው በዐይናቸው ቆብ ላይ ይወርዳል። እርምጃዬን አውቀውታል።

«አብሪው እስቲ» አሉኝ። «ምን ይላል?»

ላስቲኩን ገለጥኩ፤ እማማ ከመስኮቱ በኩል ነጠላቸውን ዘርግተው ከለሉልኝ። ጥግ ላይ ያለውን አነበብኩላቸው።

«ጳጉሜን ሦስት ይላል፣ የኔታ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተማረ» አሉ። ከዚያ፣ «ከንግሡ አንብቢልኝ» አሉኝ።

ቃሉን ከነምልክቱ እየጠራሁ አነበብኩ፤ እሳቸው እዚያው ዝናቡ ውስጥ ቆመው ተከተሉኝ። ባዶዋ መስመር ላይ ስደርስ ቃሉን ብቻ ብዬ ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። በጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ይሰማል።

«አለች?» አሉ።

«አለች፣ የኔታ። እንዳለች ናት።»

«ደግ። ቀጥይ።»